ልጅዎን ከማን ጋር ያወዳድራሉ?

መርካቶ በምሠራበት ክሊኒክ «የእህቴ ልጅ ሸንቃጣ ነው፤ የዚህን ግን ቦርጩን ይዩት ዶክተር» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ልጁ አጠገባችን ተቀምጦ ይሰማል።

በሰከንድ በሚለካው የዋና ስፖርት እንኳ ማወዳደር ያሳስታል። ማይክል ፌልፕስ 23፣ ኬቲ ሌዴኪ 9 የኦሊምፒክ ወርቅ አላቸው። ሌዴኪ የምትገንንበት 1,500 ሜትር ግን በኦሊምፒክ ለሴቶች የተፈቀደው ገና በቶኪዮ ነው። የእኛው ሮቤል ኪሮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ላይ በ100 ሜትር ከ59 ዋናተኞች 59ኛ ሲወጣ፣ ብዙ ሰው ያወራው ስለ ሰዓቱ ሳይሆን ስለ ቦርጩ ነበር።

ልጅዎን ከራሱ ጋር ያወዳድሩ። ካርዱን ይዘው ይምጡ፤ ክብደትና ቁመቱን ካለፈው ጋር እናስተያያለን። ውፍረቱ ካሳሰብዎት ልጁ በሌለበት ይንገሩኝ።