የመቱው ዓረብ ቤት

አገሬ ኢሉባቦር ነው ስል ሰው ሁሉ ቡናውን፣ ማሩንና ዝናቡን ያነሣልኛል። የሶርን ፏፏቴ ሄዶ ያየ ካለም ስለ እሱ ያወጋኛል። እኔ ግን መቱ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የላምባ ሽታ ነው፤ ላምባ፣ የልብስ ሳሙናና ጀንፈል ቡና ተደባልቀው የሚሸቱት ሽታ። የዓረብ ቤት ሽታ።

መቼም በኔ ዕድሜ ላለ አንባቢ ዓረብ ቤት ምን እንደሆነ አይነገረውም። ለወጣቶቹ ግን ልናገር። ከየመን የመጡ ነጋዴዎች በየከተማው የከፈቱት፣ ከመርፌ እስከ አቡጀዲ የሚሸጥበት ሱቅ ነው። ዛሬ ሱፐርማርኬት የሚባለው ለእኛ እሱ ነበር። የእኛን ሰፈር ባለሱቅ ሐጂ እንላቸው ነበር፤ መካ ደርሰው ይሁን አይሁን የጠየቀ የለም። ከፊት ረጅም የእንጨት ባንኮኒ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ፋኖሶች፣ በማሰሪያቸው የተቆላለፉ ሸራ ጫማዎች፣ ከኋላ አቡጀዲ በጣቃ፣ ክብሪት በፓኮ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የሻይ ቅጠል። የላምባው በርሜል በሩ ሥር ይቆማል። ስኳርና ጨው በአሮጌ ጋዜጣ ነበር የሚጠቀለለው። ስኳሩን ለእናቴ አስረክቤ ወረቀቱን ለማንበብ እጣደፋለሁ። አዲስ ዘመንን ማንበብ የለመድኩት እንዲህ ቁርጥራጩን ነው፤ የዜናው መጨረሻ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ቤት ይሄዳል።

የአገራችን የሱቅ ታሪክ በእርግጥ ከጎሬ ይጀምራል። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። ባሮ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም መርከብ ይመጣል። ጨውና ጨርቅ ወደ ጎሬ ይወጣል፤ ቡና ወደ ታች ይወርዳል። ግሪኩም ሶርያዊውም ጎሬ ላይ ሱቅ የከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የጣቢያው ዘመን አበቃ። በ1970 ገደማ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነትም ከጎሬ ወደ መቱ ተዛወረ። የእኛ ሐጂ ዕቃ የሚመጣላቸው ግን በጭነት መኪና ነበር፤ ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ በኩል።

ስለ ድሮ ሱቅ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው ዱቤ ነው። «ያኔ ሰው ይተማመን ነበር» ይባላል። እውነት ነው፤ እኔም ምስክር ነኝ። አባቴ አስተማሪ ነበር። እሱ ሲሞት እናቴ ሦስት ልጆች ይዛ ቀረች። ጠላ እየሸጠች እስክትቋቋም ድረስ ሐጂ አንድም ቀን «የለም» ብለዋት አያውቁም። ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ ነበራቸው፤ ከገጾቹ አንዱ የእናቴ ነው። «መቼ ትከፍያለሽ?» የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ አልሰማሁም። በዚያ መዝገብ ነው ያደግነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የመዝገቡን ሌላ ገጾችም አውቃለሁ። የጻፍኳቸው እኔ ነኛ።

ሐጂ ራሳቸው የሚጽፉት በዓረብኛ ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ ዳኛ ፊት ቢቀርብ የዓረብኛ ውል ማን ያነባል? ስለዚህ በገበያ ቀን እኔን ባንኮኒው ጥግ ያስቀምጡኝና በአማርኛ ያስጽፉኝ ነበር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ያምራል ይባላል፤ ኦሮምኛም እችላለሁ። በሰኔና በሐምሌ ጎተራ ሲራቆት ገበሬው ይመጣል። ለጨው፣ ለልብስ፣ ለለቅሶ፣ ለግብር ብር ይፈልጋል። ሐጂ ይሰጡታል። እኔ ደግሞ «ለኅዳር ይህን ያህል ፈረሱላ ጀንፈል» ብዬ እጽፍና አውራ ጣቱን ይዤ የማኅተም ቀለም አስነክቼ ከስሙ ሥር አሳርፈዋለሁ። ፈረሱላ አሥራ ሰባት ኪሎ ነው። ቡናው ገና ዛፉ ላይ አረንጓዴ ሳለ የሚቆረጥለት ዋጋ፣ ኅዳር ላይ ገበያው ከሚያወጣው ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ይህንን ሐጂም ያውቃሉ፤ ገበሬውም ያውቃል።

በ1967 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በአባቴ ዕድሜ የሚሆኑ አንድ ገበሬ መጡ። ከሐጂ ጋር ተነጋገሩ፤ ብሩን ተቀበሉ፤ ጣታቸውን አሳረፍኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ምን ብለህ ጻፍክ፣ ልጄ?» አሉኝ በኦሮምኛ።

«ሁለት ፈረሱላ።»

«አንድ አልነበረም እንዴ?»

አንድ ነበር። እኔም አንድ ሲባል ነው የሰማሁት። ጻፍ ያሉኝ ግን ሐጂ ናቸው፤ ያሉኝም ሁለት ነው። ቀና ስል ሐጂ ያዩኛል፤ ገበሬውም ያዩኛል። መዝገቡ ፊቴ ተከፍቷል፤ የእናቴ ገጽ ጥቂት ቅጠል ወደ ኋላ ነው። «ሁለት ነው የተባለው» አልኩ። ሰውዬው ጣታቸውን በካቦርታቸው ጠርገው ወጡ። ሐጂ እፍኝ ከረሜላ ሰጡኝ። ለእህቶቼ አካፍዬ በላሁት፤ ጣፋጭ ነበር። አልተናነቀኝም፤ የተናነቀኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በዚያው ሐምሌ ብራዚል ውስጥ የቡና ዛፍ በውርጭ ተቃጠለና የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ መውጣት ጀመረ። እኛ አገር ደግሞ ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ታወጀ፤ ሐጂ ያከራዩዋቸው ቤቶች ተወረሱ። በኅዳር የመጣላቸውን ጀንፈል ሰብስበው ሸጡና ሱቁን ዘጉ፤ አገራቸው ገቡ ተባለ። ሁለቱ ፈረሱላም ከመጣው ውስጥ እንደነበረ አልጠራጠርም። እናቴ አርባ ሦስት ብር ነበረባት። ዓመት ሙሉ ቆጥባ፣ የሚቀበላት ብታጣ፣ መስጊድ ሄዳ ለሽማግሌዎቹ «የሐጂ ነው» ብላ አስረከበች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንገቷ ላይ ማተቧን እንዳሰረች።

ሱቁ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ሆነ። ካርድ፣ ሰልፍ፣ «ስኳር ገብቷል» የሚል ወሬ፤ ይህንን ሌሎች ጽፈውታል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጋዜጣ ሲጠፋ የሐጂ መዝገብ መጠቅለያ ሆነ። አንድ ቀን እናቴ ያመጣችው ጨው በገዛ ጽሕፈቴ ተጠቅልሎ መጣ፤ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አውራ ጣትም ከሥሩ። እንደ ልማዴ አነበብኩት። ከዚያ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

በ2015 ዓ.ም. ጥር መቱ ሄጄ ነበር። በ2004 ዩኒቨርሲቲው ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከተማው ተማሪ በተማሪ ሆኗል። ሱቁ በነበረበት ቦታ የመስታወት በር ያለው ሱፐርማርኬት ቆሟል። ገባሁ። ማቀዝቀዣው ይጮኻል። ዕቃው ሁሉ ታሽጎ ተደርድሯል፤ ሽታ የለም። አንደኛው መደርደሪያ ላይ አዲስ አበባ ተቆልቶ የተፈጨ ቡና በፓኬት አየሁ። ቡና ከመቱ ሄዶ፣ ተቆልቶ ተፈጭቶ፣ በመኪና ተሳፍሮ መቱ ሲመለስ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። በኋላ ዋጋውን አየሁት።

ከፊቴ ጭቃ የነካው ቦቲ ጫማ ያደረጉ አንድ የገጠር ሰው ዘይትና ሳሙና ይዘው ቆመዋል። ሒሳብ ተቀባይዋ ደረሰኙን ሰጠቻቸው። አላጠፉትም፤ ቆመው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። አንዱን መሥመር በጣታቸው አሳዩአትና በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏት። ልጅቱ ይቅርታ ጠይቃ አስተካከለች። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው በቴሌብር ከፈሉና ሄዱ።

ተራዬ ሲደርስ ከልጅቱ ራስ በላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አየሁ። በኦሮምኛ ነው፣ በቁቤ። ኦሮምኛ በልጅነቴ የአፌ ቋንቋ ነበር፤ በጽሑፍ ግን አልተማርኩትም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ብለቅምም ቃሉ አልገጥም አለኝ።

«ምን ይላል፣ ልጄ?» አልኳት።

«ዱቤ የለም ነው የሚለው፣ አባባ።»

የቡናውን ፓኬት ከፊቷ አኑሬ ብሬን ቆጠርኩ።