ምርመራው ላልታመመች ሴት ነው

የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ የሚደረገው ላልታመመች ሴት ነው። የሚደማት፣ ወገቧን የሚቆርጣት ሴት የሚያስፈልጋት ምርመራ ሌላ ነው፤ ይሄኛው ምንም የማይሰማትን፣ እንጀራዋን ጋግራ፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት ሸኝታ ሥራዋ ላይ የምትውለውን ሴት ይመለከታል። በየቴሌግራሙ የሚዘዋወረውን የነፃ ምርመራ ማስታወቂያ አይተው «ምን አሞኝ?» የሚሉ ሴቶች ሊወቀሱ አይገባም። ሐኪም ቤት የሚኬደው ሲታመሙ ነው ብሎ ያስለመዳቸው ራሱ ሐኪም ቤቱ ነው።

በሽታውን የሚያመጣው ሂውማን ፓፒሎማ የሚባለው ቫይረስ ነው፤ በአጭሩ ኤችፒቪ። የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ሲሆን እጅግ የተለመደ በመሆኑ ግንኙነት የጀመረ ሰው ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ አንድ ቀን ይይዘዋል። መያዙ የማንንም ጠባይ አያሳይም። ከተያዙት አብዛኞቹን ሰውነታቸው ራሱ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ያጸዳላቸዋል፤ የሚያሰጋው ሳይወጣ የሚቆየው ነው። ከዓይነቶቹ 16 እና 18 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ሁለቱ ብቻ 70 በመቶ ለሚሆነው የማህፀን በር ካንሰር ምክንያት ናቸው። ቫይረሱንና ካንሰሩን ያገናኘው ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውሰን በ2001 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል።

የቆየው ቫይረስ ወደ ካንሰር እስኪደርስ ግን ረጅም መንገድ አለው። የመከላከል አቅሟ ደህና በሆነ ሴት ላይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ ኤችአይቪ በደሟ እያለ መድኃኒት ባልጀመረች ሴት ላይ ከ5 እስከ 10 ዓመት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን ማህፀን በሯ ቢታይ፣ ገና ካንሰር ያልሆነው ለውጥ ተገኝቶ እዚያው ይታከማል። ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጥ ካንሰር ብዙ የለም።

በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች የተለመደው የምርመራ ዘዴ ቀላል ነው። ሴትየዋ አልጋው ላይ ትወጣለች፤ ነርሷ በመብራት እያየች ማህፀን በሩን ከ3 እስከ 5 በመቶ በሆነ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ከኮምጣጤ በማይለይ ፈሳሽ፣ በጥጥ ትቀባዋለች። ከዚያ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ጤነኛው አካል ሮዝ እንደሆነ ይቀራል፤ የተለወጠው ቦታ ዳር ድንበሩ ተለይቶ ይነጣል። ነጭ ቦታ ከተገኘና ለሕክምናው የሚመች ከሆነ በዚያው ቀን በጋዝ እንዲቀዘቅዝ ወይም 100 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ለጥቂት ሰከንዶች እንዲተኮስ ይደረጋል። ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ ኦፕራሲዮን ክፍልም አያስገባም።

እንዲህ ያለው ቀላል ምርመራ በእርግጥ ነፍስ ያድናል ወይ ለሚለው ሕንድ መልስ ሰጥታለች። በሙምባይ ድሃ ሰፈሮች 150,000 ያህል ሴቶች በተካተቱበት ጥናት፣ ሐኪም ያልሆኑ ነገር ግን በደንብ የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች በየሁለት ዓመቱ በአሴቲክ አሲድ ሲመረምሩ ቆዩ። በ12 ዓመት ውስጥ በተመረመሩት ዘንድ በዚህ ካንሰር መሞት በ31 በመቶ ቀነሰ። በዚያው አገር ኦስማናባድ በሚባለው አካባቢ ከ130,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና በ2001 ዓ.ም. የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ የኤችፒቪ ምርመራ ሞቱን ወደ ግማሽ እንደሚያወርደው አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት ዛሬ ቅድሚያ የሚሰጠው ለዚህኛው፣ ለኤችፒቪ ምርመራ ነው። ድርጅቱ ኅዳር 8 ቀን 2013 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ዕቅድ እንደ ፈረንጆቹ እስከ 2030 ድረስ ከመቶ 70 ሴቶች በ35 እና በ45 ዓመታቸው እንዲመረመሩ ይጠይቃል።

ኢትዮጵያ የምትገኘው ከዚህ ብዙ ርቃ ነው። ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የአገሪቱን ሴቶች በብዛት የሚይዘው ካንሰር ይኸው ነው፤ በዓመት ከ5,000 በላይ ሴቶች እንደሚሞቱበት ይገመታል። ሆኖም በ2007 ዓ.ም. አገር አቀፍ ጥናት ሲደረግ ከ30 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ተመርምረን እናውቃለን ያሉት ከመቶ ሦስት አልሞሉም። ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱ ወደ ብዙ ጤና ጣቢያዎች ገብቷል። ጥናቶቹም በዝተዋል፤ የሚያገኟቸው ምክንያቶችም ከከተማ ከተማ ይመሳሰላሉ፦ ስለ ምርመራው አለመስማት፣ «ጤነኛ ነኝ» ማለት፣ ውጤቱን መፍራት፣ ማፈር፣ ወንድ ባለሙያ ያየኛል የሚል ስጋት፣ የመንገድ ርቀት። ከሁሉም በላይ ልብ የሚባለው ግን የጤና ባለሙያ በአፉ «ተመርመሪ» ያላት ሴት ካልተነገራት ይልቅ የመመርመር ዕድሏ እጅግ የሰፋ መሆኑ ነው። ለክትባት ልጇን አዝላ ስንት ጊዜ ጤና ጣቢያ የተመላለሰች እናት፣ ይህን ቃል ከአንድም ሰው ሳትሰማ 40 ዓመት ሊሞላት ይችላል።

የጥናቶቹ መጠይቆች ሴትየዋን ብዙ ነገር ይጠይቋታል፤ ዕድሜዋን፣ ትምህርቷን፣ ገቢዋን፣ የምታውቀውን ሁሉ። ክፍሉን ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የለም። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? መጋረጃው አልጋውን ይሸፍናል ወይስ ግማሹ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል? ልብሷን አውልቃ በተኛችበት ጓንት ፈልጎ የሚገባ፣ ካርድ ይዞ የሚገባ፣ ማንኳኳት የማያውቅ ስንት ሰው አለ? ይህ እንደ ትንሽ ነገር የሚታየው ተኝቶበት በማያውቅ ሰው ዘንድ ነው። በሕይወቷ ለባሏ እንኳ መብራት ጠፍቶ ካልሆነ የማትገለጥ ሴት፣ በተከፈተ በር ፊት እንድትገለጥ ተጠይቃ እምቢ ብትል፣ በመጠይቁ ላይ የሚጻፍባት «የግንዛቤ እጥረት» ነው። እንዲህ ያለው ፍርድ ያሳዝናል፤ ያናድዳልም። ክፍሉ በተገቢው ሁኔታ ተዘግቶ፣ አንዲት ሴት ባለሙያ ቁጭ ብላ የሚሆነውን ሁሉ አስቀድማ ብትነግራት የምትሸሸው ሴት ቁጥር ያንሳል።

ደግሞ ጋዙ አለ። ማቀዝቀዣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሲሊንደር ይመጣል፤ ሲያልቅ እስኪሞላ ይቆያል። ነጭ ቦታ የተገኘባት ሴት «ጋዝ የለም፣ ሌላ ቀን ነይ» ከተባለች፣ በዚያው ቀን መታከም የሚለው የዘዴው ዋና ጥቅም ጠፋ ማለት ነው። ከገጠር የመጣች ከሆነች የገበያ ቀኗን፣ የትራንስፖርት ገንዘቧን፣ የባሏን ፈቃድ አንድ ጊዜ አሰባስባ ነው የመጣችው። ሁለተኛ ጊዜ ለማይሰማት ሕመም ይህን ሁሉ አሰባስቢ ማለት ከባድ ነው። በሙቀት የሚተኩሰው በባትሪ የሚሠራ መሣሪያ የተመረጠው በአብዛኛው ስለዚህ ነው፤ ሲሊንደር አያስፈልገውም።

ምርመራው ወደ ሴቲቱ ሲጠጋ ምን እንደሚሆን በቡታጅራ ታይቷል። ተመራማሪዎች የአካባቢውን ሴቶች በሁለት ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን ሆስፒታል ሄደው በአሴቲክ አሲድ እንዲታዩ፣ ለሌላው ደግሞ ራሳቸው በትንሽ ብሩሽ ለኤችፒቪ ምርመራ ናሙና ወስደው እንዲሰጡ ዕድል ሰጡ። ራሳቸው ናሙና እንዲወስዱ ከተጋበዙት ከ80 በመቶ በላይ ተመረመሩ፤ ከሌላው ወገን የመጡት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ሴቶቹ ያው የአንድ አካባቢ ሴቶች ናቸው፤ የተለያየው የተጠየቁት ነገር ነው። ብሩሹን ሴትየዋ ለብቻዋ ሆና ትጠቀመዋለች፤ ማንም አያያትም።

ይህም የራሱ ክፍተት አለው። የኤችፒቪ ምርመራ ቫይረሱ መኖሩን እንጂ ለውጥ መኖሩን አይናገርም፤ ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ሄዶ ውጤቱ እስኪመለስ ቀናት ያልፋሉ፤ ቫይረሱ የተገኘባት ሴት ተፈልጋ፣ ተጠርታ፣ ታይታ መታከም አለባት። በየሰፈሩ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዚህ ይሆናሉ፤ ግን ስልክና መዝገብ፣ ጊዜም ያስፈልጋቸዋል። ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ሴቶች ነገሩ ይቀላል፤ መድኃኒት ለመውሰድ ይመላለሳሉ፤ በበሽታው የመያዝ አደጋቸውም ስድስት እጥፍ ስለሆነ በአገሪቱ አገልግሎቱ ሲጀመር ቅድሚያ የተሰጠው ለእነሱ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እነሱ ከ25 ዓመታቸው ጀምሮ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ፣ ሌሎቹ ከ30 ጀምሮ በየ5 እስከ 10 ዓመቱ እንዲመረመሩ ይመክራል።

ሳትመረመር ቆይታ ደም ሲፈሳት የመጣች ሴት ብዙ ጊዜ የሚጠብቃት የጨረር ሕክምና ነው። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ ይህ ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋው በወራት ይቆጠር ነበር።

የኤችፒቪ ክትባት በ2011 ዓ.ም. በትምህርት ቤቶች ሲጀመር የተከተቡት የ14 ዓመት ልጆች 30 ዓመት የሚሞላቸው በ2027 ዓ.ም. ነው። ክትባቱ ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነቶች ስለማይከላከል ያኔ እነሱም ይመረመራሉ። ዛሬ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉት እናቶቻቸውና አክስቶቻቸው ግን ክትባቱ አልደረሰላቸውም፤ ያላቸው ይህ ምርመራ ብቻ ነው።