ዋጋውን ማን ይከፍላል?

ፋንታሲ የምታነብ ልጅ ያለቻቸው ወላጆች ስሞታቸው ይመሳሰላል። «ትምህርቷን ትታ ከዘንዶና ከአስማተኛ ጋር ትውላለች፤ ከዓለም ሸሸችብን» ይላሉ። እኔም መልሴ ያው ነው፦ አንዱን መጽሐፍ ተዋሷትና እስከ መጨረሻው አንብቡት። ዘንዶውም አስማቱም አለ፤ ከሥሩ ግን ጥብቅ ሒሳብ ታገኛላችሁ። ለወጣቶች የተጻፈ ጥሩ ፋንታሲ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አንሥቶ የሚያሰላው ይህ ኃይል ዋጋው ምን እንደሆነና ከፋዩ ማን እንደሆነ ነው።

አሜሪካዊቷ ኡርሱላ ለጉዊን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመችውን «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ»ን እንውሰድ። አንድ አሳታሚ ከሕፃንነት ላለፉ ልጆች የሚሆን መጽሐፍ እንድትጽፍ ጠየቃት። በተረቱ ሁሉ አስማተኛው ጢሙ የረዘመ ሽማግሌ ነው፤ እሷ ግን ይህ ሰው ጢም ሳያወጣ በፊት ምን ይመስል ነበር፣ ጥበቡንስ የት ተማረ ብላ አሰበች። ጌድ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። እናቱ በሕፃንነቱ የሞተችበት፣ ቆዳው ቀይ ዳማ የሆነ የፍየል እረኛ ነው፤ ከአክስቱ ጥቂት ድግምት ለቃቅሟል። የመጀመሪያ መምህሩ ኦጂዮን ዝናብ ሲመጣ ዝም ብሎ የሚበሰብስ ሰው ነው። ልጁ ይናደዳል። ደመናውን ወዲያ መግፋት የሚችል ሰው ለምን እርጥብ መሬት ላይ ይተኛል? ኦጂዮን ግን የተገፋ ዝናብ ሌላ ሰው ላይ እንደሚወርድ ያውቃል።

ጌድ ይህን የሚማረው በመከራ ነው። ሮክ በምትባል ደሴት ወዳለው የአስማት ትምህርት ቤት ይገባና ከአንድ ተማሪ ጋር እልህ ይጋባል፤ ችሎታውን ለማሳየት ከሞተች ብዙ ዘመን የሆናትን ሴት መንፈስ ይጠራል። በተከፈተው ቀዳዳ አንድ ጥላ ዘሎ ወጥቶ ፊቱን ይዘነጥለዋል። ቀዳዳውን የሚዘጉት የትምህርት ቤቱ አለቃ ናቸው፤ ጉልበታቸው በዚያው አልቆ ይሞታሉ። የአንድ ጎረምሳ እልህ የአንድ አዛውንት ነፍስ በላ። ከዚያ በኋላ ያለው መጽሐፍ በሙሉ ልጁ ዕዳውን በገዛ እጁ ለመክፈል የሚያደርገው ጉዞ ነው። መጀመሪያ ከጥላው ይሸሻል፣ ኋላ ዞሮ ያሳድደዋል፣ በመጨረሻ ሲገናኙ በራሱ በጌድ ስም ይጠራዋል።

ሌሎቹም ቢሆኑ ያንኑ ሒሳብ ይሠራሉ። እንግሊዛዊው ፊሊፕ ፑልማን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው «ኖርዘርን ላይትስ» የእያንዳንዱ ሰው ነፍስ የእንስሳ መልክ ይዛ አብራው ትሄዳለች። የልጆቹ መልኳን ትለዋውጣለች፤ ጉርምስና ሲመጣ አንድ መልክ ይዛ ትረጋለች። ሎርድ አስሪኤል ወደ ሌላ ዓለም መንገድ ለመክፈት የሚያስፈልገውን ኃይል የሚያገኘው አንድን ልጅ ከነፍሱ ቆርጦ በመለየት ነው። የሚሞተው ልጅ የገዛ ሴት ልጁ ጓደኛ፣ ሮጀር ነው። በጄ. ኬ. ሮውሊንግ ሃሪ ፖተርም ቮልድሞርት ላለመሞት ነፍሱን ሲከፋፍል ለእያንዳንዷ ቁራሽ ሰው ይገድላል፤ ሃሪ ደግሞ ሌሎች እንዳይሞቱ ብሎ በእግሩ ወደ ጫካው ይገባል። ያላነበባችሁ መጨረሻውን ስለነገርኋችሁ ይቅር በሉኝ። ግን ልብ በሉ፤ ሁለቱም ወገን ኃይል አለው፣ ሁለቱም ወገን ሞትን ይፈራል። ክፉው ዋጋውን ሌላው ላይ ይጥላል፤ ጀግናው ከራሱ ያወጣል።

ይህ ጥያቄ ለአሥራዎቹ ዕድሜ የሚስማማበት ምክንያት አለው። ሕፃን ልጅ ምሳው ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ግን በቤቱ ውስጥ ማን ምን እንደተወ ማየት ይጀምራል። ታላቅ እህቱ ትምህርቷን አቋርጣ ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፤ የእሱ የትምህርት ቤት ክፍያ ከእሷ ደመወዝ ይላካል። ማታ ፋንታሲ የሚያነብበት ስልክም እሷ የላከችው ነው። ይህ ልጅ ሮጀር ሲሞት ለምን እንደሚያመው ማንም አያስረዳውም፤ ምናልባትም እሱ ራሱ በቃል ሊናገረው አይችልም። ቤተሰቡ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የማያነሳውን ነገር መጽሐፉ በዘንዶና በድብ አድርጎ ያነሳለታል። ሸሸ የምንለው ልጅ እንዲያውም ወደ ቤቱ እየተጠጋ ይሆናል።

አሁን ወደ ጸሐፊዎቹ ልምጣ። በአማርኛ ፋንታሲ የሚሞክሩ ወጣቶች ረቂቃቸውን አንዳንዴ ያሳዩኛል። ጀግናው አርተር ይባላል፣ በረዶ ይወርዳል፣ ግንብ አለ። ሰው በዚህ ይስቅባቸዋል፤ እኔ አልስቅም፤ ያነበቡትን መምሰል የሁሉም ጀማሪ መንገድ ነው። የሚጎዳቸው ሌላ ነው፦ አስማቱ በነጻ ነው። ልጁ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ቀለበት ያገኛል፣ ጥቂት ገጽ ሳይሄድ ሠራዊት ይደመስሳል፤ አይራብም፣ አይደክምም፣ ማንንም አያጣም። ከዚያ ወዲያ አንባቢ ስለ እሱ የሚሰጋበት ምክንያት የለም፤ ያልሰጋ አንባቢ ደግሞ ገጽ አይገልጥም።

ዋጋ ያለው አስማት የፈለገ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አብሾን አስቡ። የቆሎ ተማሪ አእምሮው እንዲሰላና የሰማውን ሁሉ እንዲይዝ የሚጠጣው መድኃኒት ነው ይባላል። ግን የጠጣው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከመጠጥ መጠንቀቅ አለበት፤ ጠላ ወይም አረቄ የቀመሰ ቀን ያብዳል። እስከ ዛሬ ሞቅ ሲለው የሚበጠብጥ ሰው «አብሾ አለበት» ይባላል። ስጦታው፣ ገደቡና ቅጣቱ በአንድ ዋንጫ ውስጥ ተቀምጧል። ክታቡንም እዩ። ደብተራው ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ያዘጋጃል፣ ጸሎቱን ይጽፋል፣ ዓይኑን ያፈጠጠ ጠልሰም ይሥላል፣ የባለቤቱን የክርስትና ስም ያስገባበታል። በለጉዊን ደሴቶች እውነተኛ ስምህን ያወቀ ሰው ይገዛሃል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው በቅጽል ስም ይጠራል። ድግምት እንዳይደገምበት የልጇን የክርስትና ስም ለማንም የማትናገር እናት ያሳደገችው አንባቢ ይህ ሕግ አይገርመውም። የቆሎ ተማሪው ራሱ ደግሞ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ መምህር ፍለጋ አገር የሚያቋርጥ ልጅ ነው። ጌድ ወደ ሮክ ሲሄድ በመርከብ ነበር፤ የእኛው በባዶ እግሩ፣ ያውም እየለመነ ነው።

እዚህ ላይ ግን የእኛ ጸሐፊ እንግሊዛዊው የሌለበት ፈተና ይገጥመዋል። ዛሬ በዘንዶ ምክንያት የሚሰደብ የእንግሊዝ ጎረቤት የለም። ቡዳ ግን እንደዚያ አይደለም። ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው ለልብ ወለድ የሚያጓጓ ነገር ነው፤ ሆኖም ያ ጅብ ቀን ቀን ስም አለው፣ ቤት አለው፣ እጁ ላይ ሙያ አለው። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ «ዓይናቸው ይበላል» እየተባሉ ከጋብቻ ተገልለው ኖረዋል። ቤተ እስራኤል ርስት ተከልክለው በብረትና በሸክላ ሥራ ሲተዳደሩ፣ ማረሻውን የሠራው እጅና ምጣዱን ያበጀችው እጅ የሚፈሩ እጆች ሆኑ። ቡዳን በጭለማ ጥርሱን የሚያፋጭ ጭራቅ አድርጎ የጻፈ ወጣት አስማቱ ዋጋ አለው ብሎ ያስብ ይሆናል። አለው፤ ግን ዋጋውን የሚከፍሉት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲከፍሉ የኖሩት ሰዎች ናቸው። ጸሐፊው ሳያውቀው የቮልድሞርትን ሒሳብ ሠራ ማለት ነው።

ታዲያ ቡዳን አንጻፍ? እንጻፍ እንጂ! ለዚህም መንገዱን ለጉዊን ራሷ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው የኧርዝሲ ሦስተኛ መጽሐፍ ጌድ የዓለሙ አስማት የሚፈስበትን ቀዳዳ ሲዘጋ ኃይሉን በሙሉ ይጨርሳል። ብዙ ደራሲ እዚያ ላይ ያቆማል። እሷ ግን እ.ኤ.አ. በ1990 «ተሃኑ»ን ይዛ ተመለሰችና ሦስቱ መጻሕፍት ችላ ያሏቸውን ሰዎች ጠየቀች፦ ሴቶቹን፣ ገበሬዎቹን፣ ሕፃናቱን። አስማት ያለቀበት ጌድ ተመልሶ ፍየል ጠባቂ ሆነ። በታሪኩ መሐል የተቀመጠችው በሰዎች ጭካኔ ግማሽ ፊቷ የተቃጠለ ሕፃን ናት። መንደርተኛው ሲያያት ፊቱን ያዞራል፣ እርግማን ያለባት ይመስል ይሸሻታል። ደራሲዋ ግን እኛን ከሕፃኗ ጋር እቤት ውስጥ፣ እሳቱ ዳር አስቀምጣናለች፤ ስለዚህ የሚያስፈራን በሩን የሚያንኳኳው ሰው ነው። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ታሪክም እንዲህ ቢጻፍ ጅቡም፣ ሌሊቱም፣ ፍርሃቱም ሳይቀነስ ይቀመጣል፤ የሚለወጠው አንባቢው የሚቆምበት ቦታ ነው።

አማርኛ ለዚህ አቅም ያንሰዋል የሚለኝን አልሰማም። አቤ ጉበኛ በንጉሡ ዘመን «አልወለድም»ን ሲጽፍ ከማኅፀን ሆኖ አልወጣም የሚል ፅንስ ፈጥሮ አገሩን ሞግቷል፤ መጽሐፉም ታግዷል። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሲወጣ ወጣቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ አነበበው። አንባቢው አለ፤ የጎደለው በአሥራዎቹ ዕድሜ ላለ ልጅ ብሎ የሚጽፍ፣ ልጁንም የማይንቅ ደራሲ ነው።

ስለዚህ ለምትጽፉት ልጆች አንድ ምክር አለኝ። ረቂቃችሁን ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት አስማታችሁ ምን እንደሚወስድና ከማን እንደሚወስድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። መልሱ «ከማንም» ከሆነ ታሪኩ ገና አልተጀመረም። መልሱ «ከጀግናው» ከሆነ መንገድ ላይ ናችሁ፤ ቀጥሉ፣ አትራሩለት። መልሱ መንደሩ ሁልጊዜ የሚያስከፍለው ያው ሰው ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ቀዳችሁ ጣሉና ከእሱ ቤት እንደገና ጀምሩ።