በቦሎኛ ከተማ የአንድ መንፈቅ ተማሪ

ቦሎኛ በስሜን ኢጣልያ የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1088 ዓመት እንደ ተመሠረተ ይነገራል (ከዚህ በታች የሚጻፈውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው)። ከተማዪቱን በጐበኘን ጊዜ ከግንቦችዋ ይልቅ አሳባችንን የሳበው፣ ከሌላ አገር መጥተው አንድ መንፈቅ ብቻ ተምረው የሚመለሱት ወጣቶች ጉዳይ ነው። ልጃቸውን ወደ ሩቅ አገር ለመላክ ለሚያስቡ ወላጆች የሚጠቅም ነገር ስላገኘንበት፣ ያየነውንና የተረዳነውን በአጭሩ እንጽፋለን።

ለእንግዳ ተማሪ ማሰብ በዚህች ከተማ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ12ኛው መቶ ዓመት ሕግ ለመማር ከሩቅ የሚመጡ ሰዎች በቦሎኛ ብዙ ነበሩ። በዚያ ዘመን አንድ እንግዳ ተበድሮ ሳይከፍል ቢጠፋ፣ ባለ ገንዘቡ የተበዳሪውን ያገር ልጅ ይዞ ዕዳውን ያስከፍል ነበር። ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ ግን ተማሪ ባገሩ ሰው ዕዳ እንዳይያዝ በሕግ ከለከለ፤ ቢከሰስም በመምህሩ ወይም በከተማው ጳጳስ ፊት መዳኘትን እንዲመርጥ ፈቀደለት። በፍርድ አደባባይ ስንጽፍ የኖርን እኛ፣ እንግዳ ከእንጀራ አስቀድሞ ዳኛ እንደሚያስፈልገው ከዚህ አስተዋልን።

ከሕጉ ቀጥሎ ማደሪያው ነው። ነዋሪውና ተማሪው በበዛ ጊዜ ባለ ቤቶቹ ከፎቃቸው ላይ ክፍል እየጨመሩ ወደ መንገዱ አወጡት፤ ከሥሩም በዓምድ ደገፉት። በ1288 የወጣው ደንብ ይህ ነገር በየቤቱ እንዲሠራ፣ ከፍታውም ፈረስ ከነጋላቢው የሚያሳልፍ እንዲሆን አዘዘ። የአገሩ ሰዎች ፖርቲኮ የሚሉት ይህ ጥላ ያለው መንገድ ዛሬ በጠቅላላው 62 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ2021 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ተማሪው ዝናም ሲዘንብ መጽሐፉን ሳያረጥብ ትምህርት ቤቱ ይደርሳል። የሆነ ሆኖ ዛሬ በከተማዪቱ የሚከራይ ክፍል ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ኪራዩም ውድ ነው። ስለዚህ ወላጅ ያልታየ ቤት ቀብድ ከመላክ ይጠንቀቅ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ተማሪው ሲመለስ የሚያገኘው አቀባበል ነው። ሶፊያ ኮራዲ የተባለች ኢጣልያዊት የሕግ ተማሪ በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ በ1958 ወደ ሮማ ስትመለስ፣ ዩኒቨርሲቲዋ በውጭ አገር ያገኘችውን ትምህርት አንቈጥርም አላት። እርስዋም በቍጣ ብቻ አልቀረችም፤ በውጭ የተማሩት ትምህርት ባገር ቤት እንዲቈጠር ከ1969 ጀምሮ ሳታቋርጥ ለፋች። በ1987 ኤራስመስ የተባለው የተማሪዎች ልውውጥ በ11 አገሮች ሲጀመር፣ በመጀመሪያው ዓመት 3,244 ተማሪዎች ተላኩ። ዛሬ በዚህ መንገድ የሄዱት በሚሊዮን ይቈጠራሉ፤ ከአውሮፓ ውጭ ያሉ አገሮች ተማሪዎችም ይካፈሉበታል።

አሠራሩ እንደ ውል ነው። ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የሚማረውን ትምህርት አስቀድመው በጽሑፍ ይስማማሉ፤ ሦስቱም ይፈርማሉ። የአንድ መንፈቅ ሙሉ ትምህርት 30 ነጥብ ነው። ለተቀባዩ የትምህርት ዋጋ አይከፈልም፤ የሚሰጠው ድጐማ ግን የኑሮውን ወጪ ሁሉ አይችልም።

በኢጣልያ ፈተናው ብዙ ጊዜ በቃል ነው፤ ተማሪው በመምህሩ ፊት ተቀምጦ ይጠየቃል። ማርኩ ከ30 ሲሆን ማለፊያው 18 ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና በጥርና በየካቲት ግድም ስለሚውል፣ ለገና ናፍቆ ጠቅልሎ የሚመለስ ልጅ ድካሙ ከንቱ ይሆንበታል።

ባገራችንም የቅኔ ተማሪ አኩፋዳውን ይዞ ከደብር ወደ ደብር ሲሻገር፣ የቀድሞው መምህር ስም ምስክር ይሆነዋል። የቦሎኛው እንግዳም የሚፈልገው ይህንኑ ምስክር ነው። እንግዲህ ልጁን የሚልክ ቤተ ሰብ፣ ስንቅና ልብስ ከማዘጋጀቱ በፊት፣ ልጁ የሚማረው በአገሩ ትምህርት ቤት የሚቈጠርለት መሆኑን ይጠይቅ፤ ቃሉንም በፊርማ ይቀበል። እንዲህ ከተደረገ ስድስት ወር አጭር ጊዜ አይደለም።