ከጎብዬ እስከ ሐይቅ፤ ወልድያ ከተማና አካባቢዋ

ከመቀሌ ወደ ደሴ የሚወርደው አውራ ጎዳና አላማጣን ካለፈ በኋላ ዋጃን፥ ቆቦንና ሮቢትን አቋርጦ ጎብዬ ይደርሳል። በስተምዕራብ የላስታ ተራሮች እንደ ቅጥር ተደርድረዋል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ሜዳውን ከአፋር በረሓ ይለየዋል፤ በመካከል የተዘረጋው ማሽላ አብቃይ ምድር የራያ ቆላ ነው። ከተራራው የሚወርዱት ጎሊናና ሆርማት በክረምት አፈርና ድንጋይ ጭነው ይመጣሉ፤ ሜዳውን የሚጎዱትን ያህልም ያለሙታል።

ስለ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ከተማ፥ ስለ ወልድያ፥ ልንጽፍ ተነሥተን ከጎብዬ መጀመራችን ለአንዳንዱ አንባቢ እንግዳ ይሆንበት ይሆናል። ነገር ግን ልጁን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሲሰድ «ይህ ሁሉ ዓመት ለእርሻችን ምን ይጠቅመዋል?» ብሎ የሚጠይቅ አባት ሞልቷል፤ ለጥያቄውም መልስ የሚገኘው በዚሁ ሥፍራ ስም ነው።

አቀንጭራ የሚባለውን አረም የቆላ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አበባው ሲያዩት ያምራል፤ ሥሩ ግን ከማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን ይመጣል። ስለዚህ ገበሬው አረሙን ከምድር በላይ ባየው ጊዜ ጥፋቱ ከምድር በታች አስቀድሞ ተፈጽሟል። አንዱ ተክል እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር በብዙ ሺህ ይረጫል፤ ዘሩም የማሽላ ሥር እስኪቀርበው ድረስ ለብዙ ዓመት በአፈር ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ሥሩ የሚያወጣው ንጥረ ነገር ነው። በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ምሥጢር መርምረው፥ ያንን ንጥረ ነገር እጅግ በጥቂቱ ብቻ የሚያወጣ ማሽላ አዳቀሉ። ዘሩም ሳይነቃ ይቀራል፤ ማሽላውም ይድናል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን ለገበሬው ከተለቀቁት ከእነዚህ ዝርያዎች አንዱ አብሽር፥ ሁለተኛው ጎብዬ ተብሎ ይጠራል። ከወለንኮሚ ገጠር ተነሥተው በዓለማያ ኮሌጅ የተማሩት እኒህ ሊቅ በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ከጎብዬ ወደ ደቡብ ሲጓዙ የአላውሃን ወንዝ ተሻግሮ መንገዱ ወደ ወይና ደጋው ይወጣል፤ ወልድያም በተራሮች መካከል፥ በዳገትና በቁልቁለት ላይ ተሠርታ ትታያለች። ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የከተማዋ ሀብት መንገድ ነው ብንል አልተሳሳትንም። የመቀሌውና የአዲስ አበባው ጎዳና፥ ቻይናውያን የሠሩትም የወረታ መንገድ ከዚህ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ከሰፈሮቿ አንዱ ጎንደር በር ይባላል። ከቆላ ማሽላና በሬ፥ ከደጋ ገብስና በግ ወደ ገበያዋ ይወርዳል፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይነግዳሉ።

ይህች አገር የየጁ አገር ናት። የየጁ መሳፍንት፥ ወረ ሼህ የተባሉት፥ ከታላቁ ራስ አሊ ጀምሮ ሰባ ዓመት ለሚቀርብ ዘመን በጎንደር ዙፋን ላይ እንደ ራሴ ሆነው ነገሥታትን ሲያነግሡና ሲሽሩ ኖረዋል። ራስ ጉግሣ መቀመጫቸውን በደብረ ታቦር አደረጉ። የመጨረሻው እንደ ራሴ ዳግማዊ ራስ አሊ፥ የእቴጌ መነን ልጅ፥ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ጦርነት በደጃዝማች ካሣ ተሸነፉ፤ ካሣም ከሁለት ዓመት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ወልድያ ጎንደርን የመሰለ ግንብ ስለሌላት ይህን ታሪክ በድንጋይ ላይ የሚፈልግ እንግዳ አያገኘውም፤ የአገሩን ሽማግሌዎች መጠየቅ ይኖርበታል።

በዓይን የሚታይ ትልቅ ሕንፃ ለሚሻ፥ በዚህችው ከተማ ሼህ መሐመድ አል አሙዲ ያሠሩት፥ ከ25,000 በላይ ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም በጥር ወር 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። እኛ የኳስ ነገር እምብዛም ባይገባንም ሥራው የሚደነቅ ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲው እንመለስ። በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፥ ከራያና ከየጁ ለከፍተኛ ትምህርት የሚነሣ ልጅ ቤተ ሰቡን ተሰናብቶ ብዙ ቀን ይጓዝ ነበር። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ግን ከተማዋ ራሷ ከሩቅ አገር ተማሪ የምትቀበል ሆነች። ቤት አከራዩ፥ እንጀራ ሻጯ፥ ባለ ሱቁ ኑሮውን በተማሪው መምጣትና መሄድ ይቈጥር ጀመር። የእርሻው ትምህርት የሚሰጠው በስተደቡብ በመርሳ ሲሆን፥ በመንገዱ ላይ ደግሞ የሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማእከል ይገኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳንናገር ማለፍ አይቻለንም። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ወልድያ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ ወር 2014 ዓ.ም. ድረስም በዚያው ቆየች። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በቆቦ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፤ የመማሪያና የቤተ ሙከራ ዕቃው ተወሰደ፥ የቀረውም ተሰባበረ። የተሰረቀ ላም ይተካ ይሆናል፤ ለመመረቅ ጥቂት ወር የቀረው ልጅ በአባቱ ቤት ተቀምጦ የሚያሳልፈው ዓመት ግን በምን ይተካል? በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ውጊያው በዚሁ በቆቦ ግንባር ዳግም ተነሣ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ዩኒቨርሲቲውም ፍርስራሹን ጠርጎ ተማሪዎቹን መልሶ ተቀበለ። ከነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ሌላ ግጭት ስለ ተነሣ፥ በዚህ መንገድ የሚጓዝ ሁሉ አስቀድሞ የመንገዱን ደኅንነት ይጠይቅ።

ከወልድያ ወደ ምዕራብ በድልብ በኩል ሽቅብ ወጥቶ፥ ጋሸና ላይ ወደ ቀኝ የታጠፈ ሰው ላሊበላን ይሳለማል፤ ስለ እርሱ ብዙ ተጽፏልና እናልፈዋለን። ጊዜ ያለው ግን በመርሳ ማንጎውን ገዝቶ ወደ ደቡብ ይቀጥል፤ ከደሴ በፊት ሐይቅን ያገኛልና። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ጉባኤ ዘርግተው ደቀ መዛሙርትን ሲያስተምሩ፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ዘንድ ተምረዋል። እንግዲህ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከመቋቋሙ ሰባት መቶ ዓመት በፊት ከሩቅ አገር ተማሪ ወደዚህ አካባቢ ይመጣ ነበር ማለት ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት፥ የራሳቸውም ሥዕል ያለበት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በ16ኛው መቶ ዓመት የግራኝ አሕመድ ጦር እዚህ ድረስ መጥቶ የገዳሙን ሀብት ሲወስድ ይህ ብራና ተርፏል።

ገዳሙ ቀድሞ ደሴት ነበር፤ አሁን ውኃው ሸሽቶ በየብስ መንገድ ይገባበታል። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም ስለማይገቡ፥ ከቤተ ሰቡ ጋር የሚሄድ ሰው እናትና ሴቶች ልጆች በሐይቁ ዳር ጥላ ሥር የሚያርፉበትን ስንቅ ይዞ ቢነሣ መልካም ነው።