ጥፋትን በሌላ ላይ ስለ መጫን

በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ «አትዋሽ» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ትርጉሙን የተማርኩት ግን በ1981 ዓ.ም. ሮቤ ከተማ መምህር ሳለሁ፣ ከአንድ የተበላሸ ሞተር ነው።

በዚያ ዓመት ከአንድ ወዳጄ ሞተር ብስክሌት ተውሼ የሼክ ሁሴንን ዚያራ ለማየት ተነሣሁ። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ነበረ። እንዲህ ያለው ሞተር እንደ መኪና በሆዱ የሚያጠራቅመው ዘይት የለውም፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋራ ተቀላቅሎ ይገባና ፒስተኑን እያለሰለሰ ይቃጠላል። የዚያኛው ልክ ለ25 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነበረ። እኔ ግን ቸኩዬ ቤንዚኑን ብቻ ሞልቼ ሄድኩ።

ከባሌ ደጋ ወርጄ ወደ ዋቤ ሸበሌ ቆላ ስቃረብ ሞተሩ ጮኸና ደርቆ ቆመ። ባለ ባላ በትራቸውን የያዙ ሁለት ተጓዦች ውሃ አጠጥተውኝ እስከ መንደር ድረስ አብረውኝ ገፉ።

ስመለስ ወዳጄ ምን እንደ ሆነ ጠየቀኝ። «የጎባው ጋራዥ ልጅ ካርቡራቶሩን ሲነካካ አበላሽቶት ነው» አልኩት። ልጁ ቀድሞ ተማሪዬ ነበረ። የመምህር ቃል ታመነና ከሥራው ተባረረ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ባለጋራዡ ፊቴ ሞተሩን ፈታ። የቴስታታውን ብሎኖች በመስቀለኛ ተራ ጥቂት በጥቂት አላላ፤ ሲሊንደሩን ወደ ላይ ስቦ አወጣ፤ የፒኑ መያዣ ቀለበት ወደ ውስጥ እንዳይወድቅም የሞተሩን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ደፈነ። ፒስተኑ ዙሪያውን ተፍቆአል፤ ፋሻዎቹ በቦያቸው ተጣብቀዋል፤ የዘይት ምልክት የለም። ሰውዬው ቀና ብሎ «መምህር፣ ቤንዚኑን የሞላው ማነው?» አለኝ።

ዝም ብል የሚመሰክርብኝ ሰው አልነበረም፤ ብረቱ ግን መስክሮ ጨርሶአል። «እኔ ነኝ፤ ልጁ ንጹሕ ነው» አልኩ።

በማግስቱ ልጁን ከቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። እናቱ ግን «መምህር፣ ያሙት በሰው ፊት ነው፤ ይቅርታዎም በሰው ፊት ይሁን» አሉኝ። እውነታቸውን ነበረ። ጋራዡ ሄጄ በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት ደገምኩት።

ሲሊንደሩ አዲስ አበባ ተልኮ ተቦረቦረ፤ ከፊተኛው የሰፋ ፒስተንና አዲስ ፋሻ ተገዛ፤ ወጪውን ከደመወዜ ከፈልኩ። የገጠመው ወደ ሥራው የተመለሰው ልጅ ነው። «የፋሻው ጫፎች በቦዩ ውስጥ ካለችው ትንሽ ችንካር ጋራ ካልገጠሙ፣ በሲሊንደሩ መስኮት ተይዞ ይሰበራል» ብሎ አሳየኝ። ያን ቀን አስተማሪው እርሱ፣ ተማሪው እኔ ነበርኩ።

አዲስ ፒስተን የገባለት ሞተር በመጀመሪያ በዝግታ ይነዳል፤ ካጣደፉት እንደገና ይፋቃል። ልጁም ለብዙ ወራት መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አንገቱን ሰብሮ ያልፍ ነበረ፤ እኔም አላጣደፍኩትም።

ወጣቶች ሆይ፣ መሳሳት ከሰው አይጠፋም። ባጠፋችሁ ጊዜ ግን ሌላው ሰው እንጀራውን ሳያጣ ፈጥናችሁ «እኔ ነኝ» በሉ። እኔ የዘገየሁባቸውን እነዚያን ጥቂት ቀናት እስከ ዛሬ ልመልሳቸው አልቻልኩም።