ዘር ከልጓም ይስባል?

ልጄ ስድስት ዓመት በሞላው ክረምት፣ አንድ ሌሊት ደረቱ ሲር ሲር ሲል ሰማሁ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ የራሴ ደረት ያሰማው የነበረ ነው። እናቴ ልታጽናናኝ ብላ «ምን ይደረግ፣ ዘር ከልጓም ይስባል» አለችኝ። እኔ ግን እንደ ክስ ቆጠርኩት።

ሐኪሙ ስለ ቤተሰቡ ሁሉ ጠይቆ ሲያበቃ «ቤት ውስጥ የሚያጨስ አለ?» አለኝ። እጄ ሳላውቀው ኪሴን ዳበሰ።

ከዚያ ወዲህ ስለ አስም ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች በልጅነት ከሚጀምር አስም ጋር የተያያዘ የዘር ምልክት 17ኛው ክሮሞዞም ላይ አገኙ፤ ከዚያም ሌሎች ብዙ ምልክቶች ተከተሉ። ነገር ግን እያንዳንዱ ምልክት አደጋውን በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ምልክቱን ይዘው አንድም ቀን ሳያፍናቸው የሚኖሩ ሞልተዋል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የቤታችን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የጅማ ጥናት፣ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ መገኘቱን አሳይቷል። ታዲያ ዘር ብቻውን አይደለም፤ አኗኗርም አለበት ማለት ነው።

ለልጄ ያወረስኩትን መልሼ መውሰድ አልችልም። ሲጋራዬን ግን ጣልኩ፤ የከሰሉ ምድጃም ከቤት ወጣ። እናቴ አሁን ቡናዋን በረንዳ ላይ እያፈላች ትስቅብኛለች፦

«ለካስ ልጓምም አለው!»